የእናቴን ነጠላ የት ላስቀምጠው? ሀዋሳ ላይ ሳጥን ለሚመርጥ ሰው

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የእናቴን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። አረንጓዴ ነው፤ ክዳኑ ላይ አበባ ተስሎበታል፤ በግራና በቀኝ እጀታ አለው። ስታገባ ይዛው የመጣችው ነው። ስንት ዓመት አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ከላይ ሲታይ ምንም አልሆነም። እጄን ወደ ታች ስሰድ ግን የመጨረሻው ነጠላ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ሳወጣው ጥለቱ አጠገብ ቡናማ የዝገት መስመር ታትሞበታል። ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱ አባቴ በወጣትነቱ ስቱዲዮ የተነሳው ነው። ቸኩዬ ሳላቅቀው ፊቱ ከወዲያኛው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ።

የድሮ የስቱዲዮ ፎቶ ሲጣበቅ እንዲያ አይጎተትም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ራሱ እስኪለቅ ጠብቆ ነው የሚላቀቀው። ይህን ያወቅኩት ከሆነ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሳጥን ሳይ ከረምኩ። ፒያሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ ገበያ ውስጥ፣ አናጢ ቤት፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጋ ዞርኩ። ብዙ ሰው ሳጥን የሚመርጠው በመልኩ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ውስጡ የሚገባው ዕቃ ጠላቱ ማን ነው? እርጥበት ነው? ብል ነው? ምስጥ ነው? አይጥ? የሰው እጅ? እሳት? ሁሉንም የሚችል ሳጥን አላየሁም። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቀው ደግሞ፣ ሲበላሽ የሰፈር ሰው ሊጠግነው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለልጅ የሚተላለፍ ሳጥን ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም።

ሀዋሳ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ይከብዳል። ሐይቁ ቅርባችን ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ ውሃው ሲሞላ መሬቱም አብሮ ይርሳል። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም እየመጣ እየሄደ ይቆያል። ወደ ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ወለላቸው ክረምት ላይ ሲነካ ይቀዘቅዛል። ምስጡም አለ። ስለዚህ እዚህ ከተማ የትኛውንም ሳጥን ብትገዙ መሬት ላይ እንዳታስቀምጡት። አሥር ሳንቲሜትር የምታህል እግር ይኑረው። እግር ከሌለው ሁለት ጡብ ወይም ሁለት ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አድርጉ። ከግድግዳም በእጅ ስፋት ያህል ራቅ ይበል። የእናቴን ነጠላ ያበላሸው ቆርቆሮው ብቻ አይደለም፤ አቀማመጡም ጭምር ነው።

እንጨት ስትሉ የትኛውን?

ብዙ ጊዜ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ነው። «የእንጨት ሳጥን» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ለልብስ ከሆነ ጽድን የሚያህል የለም። ሽታውን የሚሰጠው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ነፍሳት አይወዱትም። ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ገጠር ውስጥ ለአጥር ችካልና ለቤት ምሰሶ ሰው ሲመርጠው የኖረው ለዚህ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ያለው በመሐለኛው ቀይ ክፍል ነው። ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ክፍል ተራ እንጨት ነው፤ ብልን የሚያባርር ነገር የለውም።

አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ ገብቼ ነበር። ደጃቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ሳጥን አየሁና «አባባ፣ ይሄ ጽድ ነው?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ሳጥኑን ገለበጡት። ቫርኒሽ ካልነካው ከታችኛው ጎን በቢላዋ ጫፍ ጥፍር የምታህል ልጠው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «አሽትቺው የኔ ልጅ» አሉኝ። አሸተትኩት። ልጅ ሆኜ እርሳስ ስቀርጽ የሚሸተኝ ሽታ ነው። ቀጥለው ከሌላው ጎን ላጡ። ነጭ ነው፤ ምንም አይሸትም። «ይሄኛው ጎን ጽድ ነው፣ ግን ነጩ ነው። ይሄን በቀዩ ዋጋ የሚሸጥልሽ ካለ ተይው» አሉ። የራሳቸው ሳጥን ነበር። ዋጋውንም እንደዚያው ቀንሰው ነገሩኝ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥን ሳልገለብጥ ገዝቼ አላውቅም።

ጽድ ከገዛችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ውስጡ ቫርኒሽ አይቀባ። ቫርኒሽ ሽታውን ዘግቶ ያስቀረዋል፤ ያኔ ጽድ የገዛችሁበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል። ውጪውን እንደፈለጋችሁ አስቀቡ። ከዓመታት በኋላ ሽታው ሲደክም ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ማድረግ ይበቃል፤ እንደገና ይነቃል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ ነጭ ልብስ ላይ ምልክት እንዳይተው ነጠላውን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ፎቶና የብር ጌጥ ጽድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ። ከእንጨት የሚወጣው ሽታና አሲድ ለወረቀትም ለብረትም አይስማማም።

ስለ ብልም አንድ ነገር ልጨምር። ልብሱን የሚበላው የምትበረዋ ብል አይደለችም፤ ትሏ ናት። የምትወደው ሱፍና ሐር ነው። የአያት በርኖስ ወይም የሱፍ ካባ ካላችሁ ለእሱ ጽድ ፈልጉለት። ነጠላና ጋቢ ጥጥ ስለሆኑ ንጹሕ ከሆኑ ብል ያን ያህል አያሰጋቸውም። ላብ፣ ቅቤ ወይም ወጥ የነካው ጨርቅ ግን ነፍሳትን ይጠራል። አሚዶ የተደረገበትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ልብስ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ያለ አሚዶ ነው ሳጥን የሚገባው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አውጥታችሁ እጥፋቱን ቀይሩት። ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ነጠላ እዚያው መስመር ላይ ይቀደዳል።

ሁሉንም ለማስቀመጥ የሚሆን አንድ ሳጥን ብቻ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋንዛ ቢገዛ ይሻለዋል። ቀለል ይላል፤ ለመላጊያ ይመቻል፤ ቶሎ አይጣመምም፤ አይሰነጠቅም። ከበሮ የሚሠራው ከእሱ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለሙ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ሮዛማ ቡኒ ነው፤ ሲቆይ እየጠቆረ፣ እያማረ ይሄዳል። ሽታው እንደ ጽድ አይበረታም። ስለዚህ ለልብስም ለመጽሐፍም ይሆናል።

ዋንዛና ጽድ ግን እንደ ልብ የሚቆረጡ ዛፎች አይደሉም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል፤ ዛፎቹ ግን አልበዙም። በዚህ ምክንያት እኔ አዲስ ጣውላ አልመክርም። ያገለገለ ፈልጉ። አሮጌ አልጋ፣ የፈረሰ ቤት በር፣ የድሮ ቁም ሳጥን። አናጢው ፈቶ፣ ልጎ ይሠራላችኋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ የኖረ እንጨት መድረቁን ጨርሷል። ከዚህ በኋላ በቀላሉ አይጣመምም።

አዲስ እንጨት ከሆነ ለአናጢው መጀመሪያ ማቅረብ ያለባችሁ ጥያቄ «ግንዱ መቼ ወደ ጣውላ ተሰነጠቀ?» የሚል ነው። በተለምዶ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል መቆየት አለበት ይባላል። «ባለፈው ወር» ካላችሁ፣ ሳጥኑ ዛሬ ልክክ ብሎ ይዘጋል፤ በጋ ሲገባ ክዳኑ ይነሣል።

ዝግባ ነጣ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለሥራ የሚመች እንጨት ነው። ምስጥ ግን ይወደዋል። ከመሬት ካልራቀ አይበጅም። ግራቪሊያን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ሲዳማ ውስጥ ቡና መሐል ለጥላ ስለሚተከል ከገበሬ ማሳ በቀላሉ ይገኛል። በደንብ ከደረቀ የሚያምር ውስጠ መልክ አለው። አቅም ሲያጥር ከቺፑድ ይልቅ ግራቪሊያ ግዙ። ባሕር ዛፍ ለሳጥን ጎን አይሆንም፤ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ለእግርና ለመደገፊያ ካልሆነ ተውት።

ቺፑድና ኤምዲኤፍ ሱቅ ውስጥ በጣም ያምራሉ። ዋጋቸውም ልብ ያማልላል። ዕድሜ ልክ ለሚቀመጥ ነገር ግን አትግዙ። የእንጨት ብናኝና ኮላ ተጨፍልቆ ነው የተሠራው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ አይመለስም። ማጠፊያው የተያዘበት ብሎን አንዴ ከላላ ዳግም አይነክስም። አናጢም አይጠግነውም። ኮምፔንሳቶ ከእነሱ ይሻላል። ለሳጥን ወለል እንዲያውም ከወጥ ጣውላ ይመረጣል፣ ስስ ሽፋኖቹ ተነባብረው ስለተጣበቁ አይሰነጠቅምና።

ስትገዙ ማዕዘኑን እዩ። ጥሩ ሳጥን ማዕዘኑ ጥርስ ለጥርስ ተጋጥሞ፣ በኮላ የተያዘ ነው። በምስማር ብቻ የተመታ ከሆነ ምስማሩ ይዝጋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ማጠፊያው በምስማር ሳይሆን በብሎን መታሰሩን አረጋግጡ። ክዳኑን ከፍታችሁ በአንድ ጎን ብቻ አንሡት። ከተወላገደ ተዉት።

ቆርቆሮ

ብዙዎቻችን ያደግነው በቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሙሽራ ይዛው ትመጣለች፤ ተማሪ ከገጠር ከተማ ሲገባ ተሸክሞት ይገባል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። አይጥ አይበላውም፣ ምስጥ አይነካውም፣ ብልም አይገባበትም። ለእህልና ለብርድ ልብስ ዛሬም የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ አይተነፍስም። ቀን ሞቆ ማታ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ብረቱ ላይ ጤዛ ይሠራል። ልብሱ ትንሽ እንኳ እርጥበት ካለው ጤዛው ይብሳል። ወለሉ ይዝጋል። ዝገቱ ወደ ጨርቁ ይወጣል። የእናቴ ነጠላ ላይ የታተመው መስመር እሱ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዝገት ምልክት ላይ በረኪና አታድርጉ። በረኪና ዝገትን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቀውም። እኔ ሎሚና ጨው ቀብቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አብዛኛው ለቀቀ። ጥለቱን ግን ሎሚው እንዳይነካው ተጠንቀቁ፣ ቀለሙ ሊፈዝ ይችላል።

ቆርቆሮ ስትገዙ ዚንክ የተነከረውን ምረጡ። ጥቁሩ ላሜራ ቀለሙ አንዴ ከተጫረ ወዲያው ይዝጋል። ገበያ ላይ ከአሮጌ በርሜል የሚሠራም አለ። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት እንዲህ አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር ነው። ሙያው የሚያስደንቅ ነው፤ በርሜሉ ግን ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም። አፍንጫችሁን አስገብታችሁ አሽትቱ። ዘይት ወይም ኬሚካል ከሸተታችሁ ለልብስ አይሆንም።

ቀዳዳ መኖሩን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ክፍሉን አጨልሙ። ብርሃን በሚወጣበት በኩል ውሃም ይገባል፣ ጉንዳንም ይገባል። ከገዛችሁ በኋላ ወለሉን ከውስጥም ከውጪም አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም አስቀቡት። ሲደርቅ፣ ሽታው ሲጠፋ፣ አቡጀዲ አንጥፉበት። በወር አንዴ ፀሐያማ ቀን መርጣችሁ ክፈቱት።

ቆርቆሮ እሳትን ይችላል የሚል እምነት አለ። ቆርቆሮው አይቃጠልም፤ እውነት ነው። ስስ ብረት ግን እሳት ውስጥ እንደ ምጣድ ነው። ውስጡ ያለው ወረቀት ነበልባል ሳይነካው ይከስላል።

የወረቀት ጉዳይ

የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶ። ለእነዚህ የምመርጠው ዳሩ ላይ ጎማ ያለው፣ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ነው። ለልብስ የማልወደውን ፕላስቲክ ለወረቀት እወደዋለሁ። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉት፤ ሦስት አራቱን ውስጡ ጨምሩ። በምትኩ ሩዝ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። አታድርጉት፤ ነቀዝ ትጠራላችሁ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ለዩ። ጋዜጣ አይሁን። ጋዜጣ ራሱ አሲድ አለው፣ ቢጫ ይሆናል፣ ቀለሙም ይጋባል። ተራ ካርቶንም ያው ነው። ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፣ ይጣበቃል። የባንክና የሱቅ ደረሰኝ ጽሑፉ በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን አስቀምጡ። ናፍታሊን ከፕላስቲክ ጋር አይሄድም፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል። ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታም ናፍታሊን መኖር የለበትም።

ጥቂት ፎቶ ብቻ ያለው ሰው የብስኩት ቆርቆሮ ይበቃዋል። ያ ክቡ ሰማያዊ ቆርቆሮ የሌለበት ቤት አለ? አብዛኛው ውስጥ ያለው መርፌና ክር ነው። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ውስጡም የተቀባ ስለሆነ ቶሎ አይዝግም።

ሙዳይና ሌሎች ስፌቶች

ለጌጥ የምመርጠው ሙዳይ ነው። የሚሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው። በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር እያደገ ይሄዳል። ይተነፍሳል። ወርቅ አይዝግም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም። ብር ግን አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስገቡት። ሐረር ቤቶች ውስጥ ስፌቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉት ለውበት ቢሆንም፣ መሰቀሉ ራሱ ከእርጥበትም ከአይጥም ያርቃቸዋል። ሀዋሳ ላይም ልንቀዳው የሚገባ ልማድ ነው።

ጥሩ ሙዳይ የሚታወቀው በመብራት ነው። ወደ ፀሐይ አንሡት። በዙሮቹ መካከል ብርሃን ካሳየ ላላ ብሎ ተሰፍቷል። ክዳኑን በተለያየ አቅጣጫ ግጠሙት። ሰፊዋ ጎበዝ ከሆነች በየትም ዞሮ ይገጥማል። ዋጋው ቢከብዳችሁ የወሰደባትን ቀን አስቡ። ዛሬ በሱፍ ክር የሚሠራው ቀለሙ ደማቅ ነው፣ እኔ ግን ለዘመን የሚቀመጥ ከሆነ የስንደዶውን እመርጣለሁ። የሱፍ ክር ብል ይወደዋል።

ቋንቋችን ለዚህች ትንሽ ዕቃ ትልቅ ቦታ ሰጥቷታል። ቅዱስ ገብርኤል ስትሳለሙ ሙዳየ ምጽዋቱን ታዩታላችሁ። ዛሬ ከብረት ተሠርቶ፣ ቁልፍ ተደርጎበት እንኳ ስሙ ሙዳይ ነው።

አገልግል ቆዳ ስለለበሰ ለመንገድ ስንቅ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ቆዳው ሻጋታ ይይዛል። ከሲዳማ ደጋ የሚመጣ የቀርከሃ ሳጥን ደግሞ መልኩ ደስ ይላል። ቀርከሃ ግን ነቀዝ ይፈላበታል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ወደ ቤት አታስገቡት።

ጠላቱ የሰው እጅ ሲሆን

ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ሌባን አያቆምም። ሙሉውን ይዞት ይሄዳል። ካዝና ከገዛችሁ ወለል ወይም ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር። እሳት የሚችለው ዓይነት ካዝና ውስጡ እርጥበት ስለሚያጠራቅም ወረቀቱን መጀመሪያ ጎማ ባለው ፕላስቲክ አድርጋችሁ ነው የምታስገቡት።

በጣም የምወደው የገንዘብ ሳጥን ግን የቁጠባ ቡድኖች የሚጠቀሙበት የብረት ሳጥን ነው። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰዎች እጅ ናቸው። ሁሉም ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። አሠራሩ በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ከሴቶች ቡድን ተጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ ወደ እኛም ገጠር ደርሷል። ለእድርም ለቤተሰብ እቁብም የሚቀዳ ነው። ብረቱ ስስ ሊሆን ይችላል። የሚጠብቀው መተያየቱ ነው።

ለመሰብሰብ ለሚፈልግ

ሳጥንን ለሳጥንነቱ የሚወድ ሰው አለ። እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነው። ጃፓን ውስጥ ሀኮኔ የሚባል ቦታ ምሥጢራዊ ሳጥን ይሠራሉ። ቁልፍ የለውም። ጎኖቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማንሸራተት ነው፤ አንዳንዱ በደርዘን የሚቆጠር እርምጃ ይፈልጋል። የሩሲያዋ ፓሌኽ መንደር ሠዓሊዎች ቅዱሳት ሥዕላትን ይሥሉ ነበር። ከ1917ቱ እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ ያ ሥራ ሲዘጋባቸው ያንኑ ብሩሽ ይዘው ከወረቀት በተሠሩ ጥቁር ትናንሽ ሳጥኖች ላይ ተረት መሣል ጀመሩ። የጄኔቫው ሰዓት ሠሪ አንቷን ፋቭር በ1796 እ.ኤ.አ. ዜማ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ የሙዚቃ ሳጥንን መንገድ ከፈተ። ወደ እኛ ቀረብ ስንል የዛንዚባር ሳጥን አለ፣ በናስ ምስማር ያጌጠ፣ ውስጡ የተደበቀ መሳቢያ ያለው።

እነዚህን ለማግኘት ሩቅ መሄድ ይጠይቃል። ከአገር ውስጥ መጀመር ለሚፈልግ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበትን የቆዳ ማኅደር እመክራለሁ። ልካቸው ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ማንገቻቸው አብሯቸው ይሰፋል። አዲስ የተሠራውን ግዙ። መጽሐፉ የተለየበት አሮጌ ማኅደር ከቀረበላችሁ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ እጃችሁን አትዘርጉ።

የሊስትሮ ሳጥንም አለ። ፒያሳ ላይ ቆም ብላችሁ እዩዋት። ከተጣለ ጣውላ በልጁ እጅ የተሠራች ናት። ላይዋ የጫማ መርገጫ ነው፣ ውስጧ ቡሩሽና ቀለም፣ ጥግ ላይ ለሳንቲም የተለየች ክፍል አለች። ማንጠልጠያዋ ትከሻ ላይ ይውላል። አንዱን ልጅ ተመሳሳይ ሠርቶ እንዲሸጥልኝ ጠየቅኩት። «ለምን ይሆንሻል?» ብሎ ደነገጠ። ዛሬ ቡሩሼንና ጠረጴዛ ላይ የሚበታተነውን ሁሉ የያዘችልኝ እሷ ናት።

ለእናቴ ያደረግኩት

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዲህ አደረግኩ። ካርታውና ማስረጃው ጎማ ባለው ፕላስቲክ ገባ። ጌጧን ወደ ሙዳይ አዛወርን፤ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ለነጠላዎቹ ሽማግሌው አናጢ ከአሮጌ የዋንዛ አልጋ ሳጥን ሠሩልኝ። ርዝመቱ ሰማንያ ሳንቲሜትር፣ ወርዱ አርባ አምስት ነው። ክዳኑ ከውስጥ በቀይ ጽድ ስስ ጣውላ ተለብጧል። ዋጋው ከሙሉ ጽድ በጣም አነሰ፣ ሽታው ግን ስከፍተው ይመጣል። ከአባቴ ፎቶ የተላጠውን ቁራጭና ቀሪውን ጎን ለጎን በነጭ ወረቀት አድርጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የፎቶ ባለሙያ አሳይቼው ቁራጮቹን ገጣጥሞ በኮምፒውተር እንደሚያድሰው ነግሮኛል።

አረንጓዴውን ቆርቆሮ ልጥለው ነበር። እናቴ «እሱን ብትነኪው!» አለች። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ጋ ወሰድኩት። የዛገውን ወለል በመቀስ ዙሪያውን ቆርጦ አወጣው፣ አዲስ ዚንክ ገጠመበት፣ አራት የብረት እግር በየደለት። ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት። አበባው ላይ እንዳይደርስ ለምኜው ስለነበር ክዳኑን አልነካውም። አሁን ብርድ ልብስ ይዞ አልጋው ሥር ቆሟል፤ ከወለሉ ጋር ግን አይነካካም።